ሳንቲያጎ የሚባለው ስም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ስፓኒሽ ስሞች ሰው ሲጠይቀኝ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ሳንቲያጎ ነው። ኳስ የሚወደው ከሪያል ማድሪድ ሜዳ ተነስቶ ይጠይቀኛል። አሜሪካ ያለችው ጓደኛዬ ደግሞ የልጇ የክፍል ጓደኛ ሳንቲያጎ ስለሚባል ትጠይቀኛለች። ስሙ ሩቅ ይመስላል፤ ግን የእኛም ቤት ስም ነው። ይህን በየጊዜው ለየሰው ከምደግም አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቀም እናገራለሁ።

ሳንቲያጎ ምን ማለት ነው?

ቅዱስ ያዕቆብ ማለት ነው። «ሳንት» ቅዱስ፣ «ያጎ» ያዕቆብ። ሁለቱ ቃላት አብረው ሲጠሩ ኖረው ተጣበቁና አንድ ስም ሆኑ።

ከሌሎቹ ስሞች የሚለየውም ይኸው ነው። ስፔኖች ቅዱስ ጴጥሮስን «ሳን ፔድሮ» ይሉታል፤ ልጃቸውን ሲሰይሙ ግን ፔድሮ ብቻ ነው የሚሉት። ቅዱስ ዮሐንስ «ሳን ህዋን» ነው፤ ልጁ ግን ህዋን ነው። ያዕቆብ ላይ ሲደርሱ «ቅዱስ» የሚለው አልላቀቅ አለ። እና ማድሪድ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ለእራት ስትጣራ፣ ቃል በቃል ብንፈታው፣ «ቅዱስ ያዕቆብ፣ ና እራት ቀርቧል» እያለች ነው። እሷ እንደዚያ ብላ አታስበውም። እኛስ ገብሬ ብለን ስንጣራ ከጀርባው ማርያም ወይም ሥላሴ እንደነበረ መቼ ትዝ ይለናል?

ያዕቆብ እንዴት ሆኖ «ያጎ» ሆነ?

ዕብራይስጡ «ያዓቆቭ» ነው። ግሪኮቹ «ያኮቦስ» አሉት፣ ሮማውያኑ «ያኮቡስ»። ከዚያ የላቲኑ ቃል በስፔን ሕዝብ አፍ ውስጥ ብዙ መቶ ዓመት ሲላመጥ ኖረ። በሁለት አናባቢዎች መካከል የገባው «ክ» ለስልሶ «ግ» ሆነ። ይህ በያዕቆብ ላይ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም፤ በላቲን «አሚኩስ» ይባል የነበረው ወዳጅ፣ ዛሬ ስፓኒሽ የማያውቅ ሰው እንኳ የሚያውቀው «አሚጎ» የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ከዚያ የቃሉ ጭራ ረገፈ። ያኮቡስ፣ ያኮብ፣ ያጎ።

እኛም ብንሆን ስሙን እንደተጻፈ አንጠራውም። «ዕ»ን ውጠን «ያቆብ» ብለን እናልፋለን። ስም ሲኖር ይላመጣል።

ያዕቆብ ራሱስ ትርጉሙ ምንድነው?

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 25 ላይ ያለውን ታውቁታላችሁ። መንታው ሲወለድ የወንድሙን የዔሳውን ተረከዝ ይዞ ወጣ፤ ስሙም ከተረከዝ ጋር ተያያዘ። ምዕራፍ 27 ላይ ዔሳው በረከቱን ሲያጣ ስሙን በምሬት ያነሳዋል፤ ሁለት ጊዜ አሰናከለኝ ይላል።

ሌላም አለ፣ እኔን እጅግ ደስ የሚለኝ እሱ ነው። የሴም ቋንቋዎች ምሁራን ብዙዎቹ ስሙ ጥንት «እግዚአብሔር ይጠብቅ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር ይላሉ። ይህን ለማስረዳት የሚጠቅሱት ሥር ደግሞ በግዕዝ ያለው «ዐቀበ» ነው፤ ጠበቀ ማለት ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው «ዕቀበኒ እግዚኦ» ሲል ጠብቀኝ ማለቱ ነው። ፍርድ ቤት የሚቆመው ዐቃቤ ሕግም ሕግ ጠባቂ መሆኑን ስሙ ይናገራል። ይህ አስተያየት ልክ ከሆነ፣ በቺሊ ወይም በሜክሲኮ ሳንቲያጎ የሚባለው ሕፃን ስሙ ውስጥ የተሸከመው ሥር እኛ ዐቃቤ ሕግ ስንል የምንጠቀምበትን ነው። ስፓኒሽ ስማር ይህን ያወቅኩ ቀን ለሰው ሁሉ ስደውል ነበር የዋልኩት።

የትኛው ያዕቆብ ነው? አባታችን ያዕቆብ?

አይደለም። የዘብዴዎስ ልጅ፣ የዮሐንስ ወንድም፣ ሐዋርያው ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ላይ ሄሮድስ በሰይፍ እንዳስገደለው ተጽፏል፤ ጊዜው ወደ 44 ዓመተ ምሕረት ገደማ ነው።

ስፓኒሽ እዚህ ላይ የሚያደርገው ነገር ሰውን ግራ ያጋባል። የይስሐቅ ልጅ ያዕቆብ በስፓኒሽ «ሃኮብ» ነው እንጂ ሳንቲያጎ አይባልም። አዲስ ኪዳን ውስጥ ያዕቆብ የተባሉት ሐዋርያት ግን ሳንቲያጎ ናቸው። የያዕቆብ መልእክት በስፓኒሽ መጽሐፍ ቅዱስ «የሳንቲያጎ መልእክት» ነው የሚለው። የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ ደግሞ ስፓኒሽ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ «ሃኮቦ» ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንድ ስም፣ እንደ ሰውየው ሦስት ልብስ።

ስፔን ለምን ይህን ሐዋርያ እንዲህ ወደደችው?

መቃብሩ እኛ ጋር ነው ብለው ስለሚያምኑ። ትውፊቱ እንደሚለው ሐዋርያው በሕይወት ሳለ ስፔን ድረስ ሄዶ አስተምሯል፤ ከተሰየፈ በኋላም ደቀ መዛሙርቱ አስከሬኑን በጀልባ ወደ ገሊሲያ፣ የስፔን ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ወሰዱት። በ9ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጳጳሱ ቴዎዶሚሮ መቃብሩ ተገኘ ብለው ለአስቱሪያስ ንጉሥ ለዳግማዊ አልፎንሶ አሳወቁ። ንጉሡ ከከተማቸው ከኦቪዬዶ ተነስተው ሄዱ፤ ቤተ ክርስቲያንም አሠሩ። ቦታው ዛሬ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ይባላል። አሁን የቆመው ካቴድራል ግንባታው በ1075 ተጀምሮ በ1211 ተባረከ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ስሙን በአውሮፓ ሁሉ አዳረሰው። ተሳላሚው ከፈረንሳይ፣ ከጀርመን፣ ከጣሊያን በእግሩ ይመጣ ጀመር። ምልክታቸው የባሕር ዛጎል ነው፤ ልብሳቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። መንገዱ ዛሬም ሕያው ነው። በ2023 ብቻ ከ400 ሺህ በላይ ሰው መንገዱን ጨርሶ የምስክር ወረቀት ተቀብሏል። ከፈረንሳይ ድንበር የሚጀምረው በጣም የታወቀው መንገድ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከወር በላይ ያስኬዳል። ወደ ግሸን ወይም ወደ ላሊበላ በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎችን ያየ ሰው ሁኔታው አይገርመውም፤ ስንቁ፣ ዱላው፣ የቆሰለው እግር፣ መንገድ ላይ የሚገጥም ጓደኛ፣ ሁሉም እዚያም አለ።

እና በዚያ መንገድ ላይ ለምነው ልጅ ያገኙ፣ ከበሽታ የተፈወሱ፣ ስለት የነበረባቸው ሰዎች ልጃቸውን በሐዋርያው ስም ጠሩ። የስም አመጣጥ እንደዚህ ነው፤ እኛ ቤትም እንደዚያው ነው።

«ሳንቲያጎ ማታሞሮስ» ሲሉም ሰምቻለሁ። ምንድነው?

ሙሮችን ገዳይ ማለት ነው። ሙሮች የሚሏቸው በዚያ ዘመን አብዛኛውን ስፔን ይገዙ የነበሩትን ሙስሊሞች ነው። በ844 ክላቪሆ በተባለ ቦታ በተደረገ ጦርነት ሐዋርያው በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ታየ የሚል አፈ ታሪክ አለ። የታሪክ ሰዎች እንዲህ ያለ ጦርነት እንዳልተደረገ ይናገራሉ። ታሪኩ ግን ጉልበት ነበረው። የስፔን ጦረኞች «ሳንቲያጎ!» እያሉ ይፎክሩ ነበር። በ1170 በስሙ የጦረኛ መነኮሳት ማኅበር ተመሠረተ። ድል አድራጊዎቹ አሜሪካ ሲሻገሩም ያንኑ ፉከራ ይዘው ተሻገሩ፤ እዚያ ደግሞ የሚረገጠው ሰው ነባሩ ሕዝብ ሆነ።

ይህን መደበቅ አይገባም። ዓሣ አጥማጅ የነበረን፣ ራሱ በሰይፍ የሞተን ሐዋርያ ሰይፍ አስይዞ ማሳየት ያሳዝናል፣ እኔ በበኩሌ እንዲያ ነው የሚሰማኝ። ዛሬ ልጁን ሳንቲያጎ የሚል ወላጅ ግን ይህን እያሰበ አይደለም።

ዲዬጎም ያው ስም ነው?

ብዙ ሰው አዎ ይላል። «ሳን ቲያጎ» ከሚለው «ቲያጎ»፣ ከእሱ ደግሞ ዲዬጎ መጣ የሚል የቆየ ማብራሪያ አለ። ችግሩ የድሮ ሰነዶች ላይ ዲዬጎ በላቲን «ዲዳኩስ» ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ ያ ደግሞ ከያኮቡስ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ብዙ የቋንቋ ሰዎች ሁለቱ መጀመሪያ የተለያዩ ነበሩ፣ በኋላ ነው ሕዝቡ ያዛመዳቸው ይላሉ። እኔም ወደዚህኛው አዘነብላለሁ። ካሊፎርኒያ ያለው ሳን ዲዬጎ ከተማም ስሙ የሐዋርያው ሳይሆን በ1463 ያረፈው የፍራንሲስካኑ መነኩሴ የዲዬጎ ዘአልካላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲያዝ የሚለው የቤተሰብ ስም የዲዬጎ ልጅ ማለት ነው። ኤል ሲድ የሚባለው ጀግና ሮድሪጎ ዲያዝ የተባለው አባቱ ዲዬጎ ስለነበረ ነው። ከእኛ የአባት ስም አጠራር ብዙም አይርቅም፣ ልዩነቱ የእነሱ እዚያው ረግቶ መቅረቱ ነው።

ቲያጎ፣ ሃይሜ፣ ጄምስስ?

እነዚህ እውነተኛ ዘመዳሞች ናቸው። ቲያጎ የፖርቱጋልኛው ነው። ሰዉ «ሳንት ያጎ» የሚለውን «ሳን ቲያጎ» ብሎ ሰማውና «ት»ን ወደ ሁለተኛው ቃል አሻገራት። ብራዚላዊውን ቲያጎ ሲልቫን አስቡ። ያጎ ብቻውንም ስም ነው፤ ዛሬ ገሊሲያ ውስጥ ብዙ ልጆች ይጠሩበታል።

ሃይሜና ጄምስ በሌላ በር የወጡ ናቸው። ላቲኑ ላይ «ብ» ወደ «ም» ተለውጣ «ያኮሙስ» የሚል አነጋገር ነበር። ከእሱ የካታላኑ ዣውሜ፣ የስፓኒሹ ሃይሜ፣ የእንግሊዝኛው ጄምስ ተወለዱ። ከዚያ ጄምስ ዞሮ ወደ ደቡብ አሜሪካ ገባ። የኮሎምቢያው ተጫዋች፣ በ2014 ዓለም ዋንጫ በ6 ጎል የወርቅ ጫማ የወሰደው፣ ስሙ ሲጻፍ እንደ እንግሊዝኛው ጄምስ ነው፤ አገሩ ግን «ሀሜስ» ነው የሚለው። የእኛ ኮሜንታተሮች አንዳንዶቹ ጄምስ፣ አንዳንዶቹ ሀሜስ ሲሉ የሰማ ሰው ሁለቱም ከየት እንደመጡ አሁን ገባው።

የማድሪዱ ሜዳ በቅዱሱ ስም ነው የተሰየመው?

አይ፣ በሰው ስም ነው። ሳንቲያጎ በርናቤው በ1895 ተወልዶ ለሪያል ማድሪድ የተጫወተ፣ ከ1943 እስከ ሞተበት እስከ 1978 ክለቡን በፕሬዚዳንትነት የመራ ሰው ነው። ሜዳው በ1947 ሲከፈት አዲሱ ቻማርቲን ነበር የሚባለው፤ በ1955 በስሙ ተጠራ። በርናቤው ደግሞ በካታላንኛ በርናባስ ማለት ነው። ስለዚህ ሙሉ ስሙን ወደ እኛ ብናመጣው ቅዱስ ያዕቆብ በርናባስ ይሆናል።

ሌሎች የታወቁ ሳንቲያጎዎችስ?

ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል አለ። የነርቭ ሴሎችን በማይክሮስኮፕ እያየ በእጁ የሳለ፣ አንጎል ከተለያዩ ሴሎች የተሠራ መሆኑን ያሳየ፣ በ1906 የኖቤል ሽልማት የተካፈለ። አርክቴክቱ ሳንቲያጎ ካላትራቫም አለ፣ የቫሌንሲያ ልጅ ነው።

ለአርሰናል ደጋፊ ግን ሳንቲያጎ አንድ ነው፣ እሱም ሳንቲ ካዞርላ። በ2014 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሃል ሲቲ 2 ለ 0 እየመራ ሳለ ያቺን ቅጣት ምት ያገባት እሱ ነው። ከዚያ የቁርጭምጭሚት ጉዳት መጣ። ቁስሉ ተመረዘ፤ ባክቴሪያው የተረከዙን ጅማት ብዙ ሴንቲ ሜትር በላው። ከልጅህ ጋር ጓሮ ውስጥ መራመድ ከቻልክ ደስ ይበልህ ብለውት ነበር። ከክንዱ ላይ፣ የልጁ ስም የተነቀሰበትን ቆዳ፣ ወስደው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ለጠፉለት። በ2018 ወደ ሜዳ ተመለሰ። በ2023 ደግሞ ልጅ ሆኖ ወደተጫወተበት ወደ ኦቪዬዶ ሄደ፤ በ2025 ክለቡ ከ24 ዓመት በኋላ ወደ ላሊጋ ሲያድግ አብሮ ነበር።

ኦቪዬዶ ማለት ያ ንጉሥ አልፎንሶ ወደ ሐዋርያው መቃብር ለመሳለም የተነሳበት ከተማ ነው። ስሙ ደግሞ ከተረከዝ ጋር የተያያዘ ሰው ተረከዙን ታሞ ከዳነ በኋላ የተመለሰው እዚያው ነው። የካዞርላን ነገር ሳስብ ይህ ሁሌ ይመጣብኛል።

ይህን ያህል ከተማ ለምን ሳንቲያጎ ተባለ?

ስፔኖች የያዙትን ቦታ በጠባቂ ቅዱሳቸው ስም ስለሚጠሩ ነው። የኩባው ሳንቲያጎ በ1515፣ የቺሊው በ1541 ተቆረቆሩ። ዶሚኒካን ሪፐብሊክና አርጀንቲና ውስጥም አሉ።

የስሙ ቀን መቼ ነው?

ጁላይ 25፣ በእኛ ሐምሌ 18። ቀኑ እሑድ የዋለ እንደሆነ ኮምፖስቴላ ውስጥ ዓመቱ ቅዱስ ዓመት ይባላል፤ 2021 እንደዚያ ነበር፣ ቀጣዩ 2027 ነው።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን የዘብዴዎስ ልጅ ያዕቆብን የምታስበው ሚያዝያ 17 ነው። ሐምሌ 18 ግን ስንክሳሩን ብትገልጡ ሌላ ያዕቆብ ታገኛላችሁ፦ የጌታ ወንድም የተባለው፣ የኢየሩሳሌም ጳጳስ። ስፔን ለአንዱ ያዕቆብ ርችት ስትተኩስ እኛ በዚያው ዕለት ሌላውን እናስባለን።

ከኢትዮጵያ ጋር ሌላ የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 አገራችን ሲገባ ዙፋኑ ላይ የነበሩት ዐፄ ያዕቆብ ነበሩ። በዚያው ዓመት ዘድንግል ተተኩ፤ ያዕቆብ ተመልሰው ነገሡ፤ በመጨረሻም በ1607 ከሱስንዮስ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ከሳንቲያጎ አገር የመጣ ሰው ሲገባ ዙፋኑ ላይ ያገኘው የንጉሥ ስም የአገሩ ጠባቂ ስም ነበር።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ በደርግ ጊዜ ኩባ ሄደው የተማሩት ልጆች አሉ። ስፓኒሽ ያስተማረኝ ሰው ከእነሱ አንዱ ነው። ሳንቲያጎ የሚባል ጓደኛውን «ቻጎ» እያለ ነበር የሚያወራልኝ።

ቻጎ? ቁልምጫው ያ ነው?

በላቲን አሜሪካ አዎ፣ ቻጎ ወይም ቻጊቶ። ስፔን ውስጥ ሳንቲ ነው።

የሴት ስም አለው?

ሳንቲያጋ የሚባል አለ፣ ግን ድሮ የቀረ ነው። ዛሬ ሕፃን ልጅ ላይ አታገኙትም ማለት ይቻላል።

የግል ስም ነው ወይስ የቤተሰብ?

ሁለቱም ይሆናል፤ ፖርቶ ሪኮና ፊሊፒንስ ውስጥ የቤተሰብ ስሙ ሳንቲያጎ የሆነ ሰው ብዙ ነው። ስፔኖች ሁለት የቤተሰብ ስም እንዳላቸው አትርሱ፣ የአባት መጀመሪያ፣ የእናት ቀጥሎ። ቅድም ያነሳሁት ሳይንቲስት ላይ «ራሞን» የራሱ ሁለተኛ ስም ይመስላል፤ የአባቱ የቤተሰብ ስም ነው። «ካኻል» የእናቱ ነው።

አሁንም ይሰየማል ወይስ የሽማግሌ ስም ሆኗል?

በደንብ ይሰየማል። ሜክሲኮ ውስጥ በቅርብ ዓመታት ለወንድ ልጆች ከሚሰጡት ስሞች ግንባር ቀደሞቹ ውስጥ ነው። ኮሎምቢያና አርጀንቲናም ይወዱታል። ሃይሜ ግን በብዙ ቦታ የአባቶች ስም እየሆነ ነው።

እንዴት ነው የሚጠራው?

ሳን-ትያ-ጎ፣ ጫናው መካከለኛው ላይ። «ቲ» እና «ያ» ተለያይተው አይጠሩም፤ ቶሎ ብለው አንድ ይሆናሉ። «ጎ»ም ልል ነው፣ ጉሮሮ ላይ አይጠብቅም። በአማርኛ ስንጽፍ ሳንቲያጎ ይበቃል።

ባለቤቴ ከኤልሳልቫዶር ናት። ልጃችንን ሳንቲያጎ ብንለው ቤተሰቤ ምን ይላል?

ይህ ጥያቄ ከዋሽንግተን አካባቢ በተደጋጋሚ ይመጣል፤ እዚያ የእኛ ሰውና የኤልሳልቫዶር ሰው ጎረቤታሞች ናቸው። ቤተሰብህን ቁጭ አድርገህ ትርጉሙን ንገራቸው። ሌላ ስም መፈለግ የለብህም። ክርስትና ሲነሳ ካህኑ የሚሰጡት ስም እንደ ቀኑ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ራሱን የቻለ ነው። እናትህ ግን ሳንቲያጎ ማለት ካቃታት ያዕቆብ ትበለው። የልጁ የእናት እናት ሳንቲያጎ ትለዋለች። ልጁ ለሁለቱም አቤት ይላል፤ ሁለቱም የጠሩት በስሙ ነው።